ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፦ የክርስትና ሥርዓት ወዴት ያደርሳል?

አያቴ የእጅ ሰዓት ኖሮት አያውቅም። ዐቢይ ጾም ገብቶ መጋቢት ላይ፣ ቢቸና አካባቢ ያለውን የጤፍ ማሳውን ሲገምስ ይውልና በሬዎቹን ፈትቶ ፀሐይ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ እኔ ጠጠር አስቀምጣለሁ። ከዚያ ተረከዙን ከጣቱ ጫፍ እያገናኘ፣ ከቆመበት እስከ ጠጠሯ በጫማ ይቆጥራል። ቁጥሩ ካልሞላ «ገና ነው» ብሎ ዋርካው ሥር ይቀመጣል። ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። አማትቦ አቡነ ዘበሰማያት ይደግምና ሚስቱ እምዬ የላከችለትን እንጀራ በተልባ ይቆርሳል። አንድም ቀን አንዲት ጫማ ሲሰርቅ አላየሁትም።

ልጅ ነበርኩና ጾም ማለት ጥላ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ደብረ ማርቆስ ስኖር ወጣቶች የሚያነሡልኝ ጥያቄ ወደዚያች ጠጠር ይመልሰኛል። «ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ ሳስቀድስ ከረምኩ፤ ግን ያው እኔው ነኝ። ለምንድን ነው?» ይላሉ። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት። «ዝም ብለህ ጹም» ተብሎ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም።

እኔ እንደገባኝ ችግራችን ሥርዓቱን አለማወቅ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ጾም መቼ እንደሚገባ የማያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የጎደለን ሥርዓቱ የት እንደሚያደርስ ማወቅ ነው። መንገዱን አጥብቀን ይዘናል፤ መድረሻውን ግን ረስተን እዚያው ስንመላለስ ዕድሜያችን ያልቃል። ስለዚህ መንገዱንም መድረሻውንም በተራ ቋንቋ ልግለጽ።

ዓመቱ እንዴት ተሠራ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሁሉ እንዲጾማቸው የታወጁ ሰባት አጽዋማት አሉ። ታላቁ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ ሦስት ቀን የነነዌ ጾም ይጾማል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ገብቶ ለሐምሌ 5፣ ለጴጥሮስ ወጳውሎስ የሚፈታው የሐዋርያት ጾም ነው፤ እኛ የሰኔ ጾም የምንለው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ አለ። ኅዳር 15 የገና ጾም፣ ማለትም የነቢያት ጾም ይገባል። የገናና የጥምቀት ዋዜማ ገሃድ ነው። የቀረው በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ ነው፦ ረቡዕ ጌታን ለመያዝ ምክር የተደረገበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፣ ስግደትም የለም። ሥርዓቱ የደስታም ጊዜ ሰጥቷል፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሁሉም ሲደመር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው።

በገጠር የሰኔንና የገናን ጾም «የቄስ ጾም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ሰኔ እርሻ የሚበረታበት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ የሚደራረብበት ነው። ጉልበት በሚጠየቅበት ወር መጾም ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም በሥርዓቱ የቄስ ብቻ የሚባል ጾም የለም፤ ሰባቱም የሁላችን ናቸው። የሚከብደው ሰው ምን ያድርግ ለሚለው መልስ አለው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ዐቢይ ጾምን ትንሽ ልዘርዝረው፤ ዓላማው በግልጽ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና። ጾሙ በአንድ ወጥ ረኃብ የተሠራ አይደለም። እያንዳንዱ ሳምንት ስም አለው፣ እያንዳንዱ ስም ትምህርት ነው። መግቢያው ዘወረደ ይባላል፤ አምላክ ወደ እኛ መውረዱን ያሳስባል። ቅድስት ስለ ቅድስና ናት። በምኩራብ ጌታ ቤተ መቅደሱን ገበያ ካደረጉት ሰዎች ሲያጸዳ ይነበባል። በመፃጉዕ 38 ዓመት የታመመው ሰው ይነሣል። ደብረ ዘይት ስለ ዳግም ምጽአት ነው። በገብር ኄር ጌታው የሰጠውን መክሊት ያተረፈው ታማኝ ባሪያ ይመሰገናል፣ የቀበረው ይወቀሳል። በኒቆዲሞስ በሌሊት ሊማር የመጣው መምህር ይታሰባል። ከዚያ ሆሳዕናና ሕማማት ይከተላል።

መፃጉዕ ላይ ትንሽ ቆዩ። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው «አዎ» አላለም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ነው ያለው (ዮሐ 5)። ጾመኛ ሆኜ ይህን ቃል ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ከሰማሁ፣ በዚያ ሳምንት ሥራዬ ተነግሮኛል፦ «ሰው የለኝም» ለሚል ሰው ሰው መሆን። በሰፈሬ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አለ። ልጆቿ ከተማ ገብተው ብቻዋን የቀረች እናት አለች። እነርሱን ሳልጠይቅ መፃጉዕን በሽሮ ብቻ ካሳለፍኩት፣ የበላሁት ምግብ ተለወጠ እንጂ ሳምንቱ እኔን አላገኘኝም።

ሰሙና ወርቁ

የጎጃም የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ሲነሡ ቅኔ ይነሣል፤ አገራችን በዚህ ይታወቃል። ሰምና ወርቅ የሚለው ቃልም ከአንጥረኛ የተወሰደ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ይሠራል። በጭቃ ይሸፍነዋል። እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በተተወው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። እንግዲህ ሰም ከሌለ ወርቁ ቅርጽ የለውም፤ ሰሙ ብቻ ከቀረም ጌጥ የለም።

ጾምም እንዲሁ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል መተው፣ እስከ ተወሰነ ሰዓት እህል አለመቅመስ ሰሙ ነው። ወርቁ ምን እንደሆነ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ በማያሻማ ቃል ተጽፏል። ሕዝቡ «ስለ ምን ጾምን፣ አንተም አልተመለከትህም?» ብሎ ለእግዚአብሔር አቤት ይላል። የዛሬዎቹ ወጣቶች ጥያቄ ማለት ነው። መልሱ፦ ትጾማላችሁ ግን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ፣ ትጣላላችሁ። እኔ የመረጥኩት ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ የተራቆተውን ማልበስ ነው ይላል።

«እንግዲያው ከምግብ መከልከሉ ለምን አስፈለገ? ደግ መሆን ብቻ አይበቃም?» የሚለኝ አለ። እኔ አይበቃም እላለሁ፤ ያለ ሰም ወርቅ ለማፍሰስ መሞከር ነውና። በቁራሽ ሥጋ ላይ «እምቢ» ማለት ያልተለማመደ ሰው ቁጣ ሲመጣበት፣ ጉቦ ሲቀርብለት፣ ሐሜት ሲጣፍጠው ከየት አምጥቶ እምቢ ይላል? ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን ከሯጭ ጋር ያመሳስላል፦ ሯጭ በነገር ሁሉ ሰውነቱን ይገዛል፣ እኔም ያለ ዓላማ አልሮጥም ይላል (1ኛ ቆሮ 9)። ሁለቱም በአንድ ቦታ ናቸው፤ መግዛቱም ዓላማውም።

በሌላ በኩል ግን ሰሙን ብቻ ይዘን የቀረን ብዙዎች ነን። በከተማ ጾም ሲገባ የጾም ኬክ፣ የጾም ክትፎ፣ ጠረጴዛ የሚሞላ በያይነቱ ይመጣል። ከፍስኩ የበለጠ ወጪ የሚወጣበት ጾም አለ። የአባቶች ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ በጾም የተረፈው የድኻ ነው።

እምዬ ይህን ከሰው ሳትማር አልቀረችም፤ ግን ትምህርት ነው ብላ አታወራውም ነበር። በጾም ቀን ረፋድ ላይ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየጮኸበት በራችን ላይ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እርሷ ከመሶቡ ሙሉ እንጀራ አንሥታ፣ አጥፋ፣ በሁለት እጇ አኩፋዳው ውስጥ ታደርግለታለች። አንድ ቀን «ለምን ሙሉውን?» ብዬ ጠየቅኳት። «የምሳዬ ነው። ምሳዬን ካልሰጠሁት ጾምኩ ይባላል? አስቀመጥኩት እንጂ» አለችኝ። ማታ በልቶ ማካካስን «አስቀመጥኩት» ብላ ነበር የምትጠራው።

ከሁለት ቤት መጀመር

ስለ ጸሎት አጠር አድርጌ ልናገር። ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ሰዓት ሠርታለች፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ከሚለው ከዳዊት ቃል ጋር ይስማማል። ዳዊቱ ራሱ 150 መዝሙር ሲሆን በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተከፋፍሎ ሲደገም ሳምንቱ ሲያልቅ ዳዊቱም ያልቃል። ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍላ የተሠራች ናት።

ይህን ሁሉ የሰማ ባጃጅ ሹፌር ወይም ሕፃን ያዘለች እናት «ይህ የመነኩሴ ነው» ብሎ ሊተወው ይችላል። ወይም ደግሞ ጾም በገባ ማግስት ሁሉንም በአንድ ቀን ይጀምርና በሳምንቱ ሁሉንም ይተዋል። ሁለተኛውን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። አንድ ዓመት በዘወረደ ሰኞ ዳዊቱንም ውዳሴዋንም፣ ሌሊት መነሣቱንም አንድ ላይ ጀመርኩ። ቅድስት ሳያልቅ መጽሐፉ መስኮት ላይ አቧራ ለበሰ፤ እኔም ከመጀመሬ በፊት ከነበርኩበት ዝቅ አልኩ።

የቅኔ ተማሪ እንዲህ አይደለም የሚማረው። መጀመሪያ የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚያሰናዳው፣ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) ብቻ። ሲበረታ ወደ ረዘሙት ይሻገራል፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። የኔታም ጀማሪውን «ዛሬ መወድስ ካላመጣህ» አይሉትም። ግን ሁለቷን ቤት ሳይቆጥር እንዲያድርም አይፈቅዱለትም። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የጸሎት ምክር የለም። ከአልጋ ስትነሣና ስትተኛ አማትበህ፣ ልብህን ሰብስበህ አቡነ ዘበሰማያትን ድገም። ትንሽ ናት፤ ግን ሳትቆጠር አትደር። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋ ስትደርስ አትሩጥ። የሰው ስም ወደ ልብህ ከመጣ፣ ጸሎቱ ሥራውን ጀምሯል። ከወር በኋላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ትጨምራለህ፣ ከዚያ ከዳዊት ጥቂት። ምን ያህል ልጨምር የሚለውን የሚወስነው ግን አንተ ብቻ አይደለህም።

የነፍስ አባት ለምን ያስፈልጋል

የከበደው ሰው ምን ያድርግ ላልኩት መልሱ እዚህ ጋ ነው። ሥርዓታችን ለሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ሰፍቶ የተወ አይደለም፤ የሚለካ ሰው አብሮ ሰጥቷል። እርሱም የነፍስ አባት፣ ማለትም የንስሐ አባት ነው። ጤነኛ ጎረምሳና ነፍሰ ጡር ሴት እኩል አይጾሙም። ስኳር ያለበት፣ በሰዓት ተከፍሎ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ እህል ከልክሎ ሰውነቱን መጉዳት የለበትም፤ ለሐኪሙ ይናገር፣ ለነፍስ አባቱም ይናገር። የነፍስ አባቱ ሰዓቱን ሊያሳጥርለት፣ በምትኩ ጸሎት ወይም ምጽዋት ሊሰጠው ይችላል። ሰኔ ላይ ሞፈር ይዞ የሚውለው ገበሬም እንዲሁ።

ኃጢአትን ተናግሮ የሚሰጠው ቀኖናም ቅጣት አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ለተሳዳቢ ዝምታ፣ ለስስታም ምጽዋት፣ ለትዕቢተኛ ስግደት ይታዘዛል። ካህኑ የሰማውን ምሥጢር ለማንም አያወጣም።

የሚያሳዝነኝ፣ ይህን ያህል ጥቅም ያለውን አባት በዓመት አንድ ቀን ጠላ ቀድተን የምንሸኘው እንግዳ፣ ወይም ስንሞት የሚፈታን ሰው ብቻ ማድረጋችን ነው። «አባ ይፍቱኝ» እንላለን፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉናል፣ መስቀል ተሳልመን እናልፋለን። ምን እንዲፈቱልን እንደፈለግን ግን አንነግራቸውም። ወጣቶች፣ ያላችሁበት ከተማ ውስጥ የነፍስ አባት ያዙ። በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በየጾሙ መግቢያ ሂዱ። ሰባቱ አጽዋማት ሰባት ቀጠሮ ይሁኑላችሁ።

የመንገዱ ጫፍ

አሁን ወደ ዋናው ደረስኩ። ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ንስሐው ሁሉ የሚያደርሱት አንድ ቦታ ነው፦ ሥጋውና ደሙ። ጾም ለቁርባን መዘጋጃ ነው። ንስሐም የሚገባው ለመቁረብ ነው። ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሰው 18 ሰዓት ከእህል ከውኃ ይከለከላል፤ ሌላው ዓመት ሙሉ የምንለማመደው ወደዚህ የሚያመጣ ነው።

ቅዳሴ ስትቆሙ ግን ልብ በሉ። መጋረጃው ተገልጦ ሰዎች ሲቀርቡ ከፊት ያሉት ማን ናቸው? ሕፃናትና አረጋውያን። መካከለኛው ትውልድ፣ የሚያርሰው፣ የሚነግደው፣ ቢሮ የሚውለው፣ 55 ቀን ጾሞ በዳር ቆሞ ያያል። «እኔ አልበቃሁም»፣ «ሳረጅ እቆርባለሁ» ይላል። ትሕትና ይመስላል፤ ግን አንድ ሰው መንገድ ሲጓዝ ውሎ ደጁ ላይ ሲደርስ ቢመለስ ትሑት አንለውም። አባቶችም የሚያስተምሩት ሌላ ነው፦ ንስሐ ገብታችሁ ቅረቡ እንጂ እስክታረጁ ጠብቁ አላሉም። የበቃ ሰው የለም። ታምሞ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ነው ያለው።

ብዙዎቻችንን የሚያግደን ደግሞ ሥጋዊ ፍትወት ብቻ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ በጎጃም ገጠር ብዙ ጊዜ የሚያግደው ድንበር ነው። የመሬት ድንበር። ጌታ መባህን በመሠዊያው ስታቀርብ ወንድምህ እንዳዘነብህ ካሰብህ፣ መባህን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ብሏል (ማቴ 5)። በቅዳሴም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ጎንበስ ይላል።

አያቴ ወደ ቀኝ ብቻ ነበር ጎንበስ የሚል። በግራው ድንበርተኛው ይቆማል። ሁለት ትልም በማይሞላ መሬት ከተጣሉ ስንት ዓመት እንደሆናቸው እኔ አላውቅም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ሲነጋገሩ አላየኋቸውም። አያቴ ጾም አይገድፍም፣ ሰንበት አይሽርም፣ የሚካኤልን ማኅበር ይጠጣል፣ ይዘክራል። አይቆርብም ግን።

አንድ ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የነፍስ አባቱ ቤታችን መጡ። ጠበል ረጭተው፣ እህል ቀምሰው፣ እሳት ዳር ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ጥላህን እስከ አንዲት ጫማ ትለካለህ፤ ይህን አገሩ ያውቅልሃል» አሉት። አያቴ ፈገግ አለ። «ድንበሩንስ እንደ ጥላህ ነው የለካኸው?»

አያቴ መልስ አልሰጠም። እምዬ ከጓዳ ብቅ ብላ የነበረችው ተመልሳ ገባች። እርሱ በእንጨት አመዱን ሲጭር፣ ሲጭር ቆየና፣ «አይደለም አባ» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም።

በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ ተጠርቶ ገመድ ይዘው ወረዱ። ዝናብ ያካፋ ነበር። አያቴ ራሱ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ትልሞቹን ተሻግሮ ወደ ራሱ ማሳ አስገብቶ ተከለው። ድንበርተኛው ቆሞ ሲያየው ቆየና «በቃ፣ በቃ፣ በዛ!» እያለ ድንጋዩን በእግሩ መልሶ ገፋው። ሽማግሌዎቹ መሃል ገብተው «ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» አሏቸው። ተባባሉ።

በዚያው ፍልሰታ አያቴና እምዬ ቆረቡ። ቅዳሴው ሲያልቅ እኔ ደጀ ሰላሙ ጋ ጫማቸውን ይዤ ጠበቅኳቸው። ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ቃል ሳይናገሩ፣ ጭቃውን እየመረጡ ወጡ። ከአያቴ በስተግራ ድንበርተኛው እየሄደ ነበር፤ የአያቴን ዱላ ይዞለታል።